ካባ አሰፋፍ፦ የአንበሳው ጎፈር በጨርቅ ሲተካ



በዚህ እትም የእጅ ሙያ ዓምዳችን የምናቀርበው ትምህርት ስለ ካባ አሰፋፍ ነው። ካባ ስንል ሙሽሮች በሠርግ ወይም በመልስ ምሽት ከልብሳቸው በላይ የሚደርቡትን፣ በወርቃማ ጥብጣብና በጸጉር ጠርዙ ያጌጠውን የክብር ልብስ ማለታችን ነው። «በስደት ላይ ያለ ሰው ካባ ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው ብርድ ልብስና ጫማ ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። እውነት ነው፣ ብርድ ልብስና ጫማ ይቀድማሉ። ነገር ግን ስደተኛም ያገባል፣ ልጁን ይድራል፣ ወላጅ በሌለበት አገር ጎረቤቱን እንደ ወላጅ አቁሞ ይመረቃል። ያን ቀን ሙሽሮቹ እንደ ሙሽራ መታየት አለባቸው።

ጀሪፍን የሚያውቁ አንባቢያን ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም። ጀሪፍ በካርቱም ከተማ በዓባይ ዳር ያለ፣ በሸክላ ጡብ ሥራው የሚታወቅ ሰፈር ነው። ወንዙ በዚያ ሲያልፍ ገና ከነጭ ዓባይ ጋር አልተገናኘም፤ ከጣና የተነሣው የራሳችን ዓባይ ነው። በዚያ ሰፈር ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያውያን ኖረዋል፤ ተጋብተዋል፤ ወልደዋል። እዚያ ስንኖር እንደ ታዘብነው፣ አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ካባ እንዲያመጣ አደራ ይባል ነበር። መንገደኛው ከዘገየ ወይም ዕቃው ድንበር ላይ ከቀረ ሠርጉ ይራዘማል። ካባ ያለው ሰው ቢገኝም የኪራዩ ገንዘብ ከአንዲት የቤት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ነበር። ለአንድ ምሽት ልብስ ሲባል ትዳራቸውን በዕዳ የጀመሩ ጥቂት አልነበሩም።

ከዚያም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ሰው ከጀሪፍ የወጣው በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ነው። የስፌት መኪና ተሸክሞ የሚሸሽ የለም፤ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ይህን ትምህርት ስናዘጋጅ መኪና ለሌለው ሰው እንዲሆን አድርገነዋል። በመርፌ፣ በክርና በትዕግሥት ብቻ የሚሠራ ነው። መኪና ያላቸው ደግሞ ሥራው ይፈጥንላቸዋል።

ክፍል አንድ፦ ካባ ከየት መጣ?

በአገራችን ከልብስ በላይ የሚደረቡ የክብር ልብሶች ብዙ ዓይነት ናቸው። ከእነርሱም ለምድ፣ ካባና በርኖስ ይገኙበታል። ለምድ መነሻው የእንስሳ ቆዳ ነው። ኋላ ከከፋይና ከሐር በተሠራ ጊዜም ቅርጹ ቆዳነቱን አልረሳም። በጠርዙ ዙሪያ ተንጠልጥለው የሚታዩት ረዣዥም ቁራጮች የእንስሳው እግርና ጅራት ምሳሌ ናቸው። አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀግንነቱን ያስመሰከረ ሰው የአንበሳ ጎፈር ያደርግ ነበር፤ ነገሥታትም ለምድና ካባ እየሸለሙ ሰውን ያከብሩ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በተጫነበት ጊዜ የተነሡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው፣ መኳንንቱ በጎፈርና በወርቅ ጥልፍ አጊጠው ቆመው ይመለከታል። ዛሬም በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ በዓል ሲከበር ጎፈርና ለምድ ያደረጉ ሰዎች አደባባይ ይወጣሉ።

በርኖስ የሚለው ቃል ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው። በሰሜን አፍሪካ የሚለበሰው ቡርኑስ በአንድ በኩል ወደ እኛ አገር ሲገባ፣ የመንዝ ሰዎች ከበግ ጸጉር ፈትለው ብርድ የሚከላከል በርኖስ ሠሩበት። በሌላ በኩል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ወይዛዝርቱ በምሽት ወደ ቴአትርና ወደ ግብዣ ሲሄዱ የሚደርቡት ካባ ሆነ። እነርሱም ጠርዙን በእንስሳ ጸጉር አስጌጡት። ከፋይ፣ ገበር፣ የጸጉር ጠርዝና አንገት ላይ አንድ መቆለፊያ፤ የአውሮፓ የምሽት ካባና የእኛ የሙሽራ ካባ አሠራራቸው ይህን ያህል ይቀራረባል። አንዱን መስፋት የቻለ ሌላውን መስፋት አይከብደውም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናስተውል። ካባ በቀድሞ ዘመን ከላይ ወደ ታች የሚሰጥ ነበር፤ ንጉሥ ለመኮንን፣ መኮንን ለወታደር። ሠርግ ግን ልማዱን ለውጦታል። የድሀ ልጅም ብትሆን በሠርጓ ቀን ካባ ትደርባለች። ስለዚህ ካባ ለመልበስ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጨርቅና ሙያ ነው።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ሰው ሠራሽ ጸጉር

የአንበሳ ጎፈር ዛሬ አንፈልግም፤ ልናገኝም አይገባንም። የአንበሳ ቁጥር በአፍሪካ ቀንሷል። በ1973 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የተፈረመው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የአንበሳና የነብር ቆዳ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ይከለክላል። ድንበር የሚሻገር ስደተኛ በሻንጣው የነብር ቁራጭ ቢገኝበት ሌላ መከራ በራሱ ላይ ይጨምራል።

በምትኩ ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለው ጨርቅ አለ። ጸጉሩ በአብዛኛው አክሪሊክ ከሚባል ክር የተሠራ ነው። ይህ ክር በ1950 እ.ኤ.አ. ኦርሎን በሚል ስም በአሜሪካ በፋብሪካ መመረት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የእንስሳ ጸጉር የሚመስል ጨርቅ በርክሷል። ጨርቁን ስትገለብጡት ጸጉሩ የተተከለበት የተጠለፈ ጀርባ ታያላችሁ። ሦስት ጠባዮቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሀ) ጸጉሩ አቅጣጫ አለው። በእጃችሁ ስትዳብሱት በአንድ በኩል ይተኛል፣ በሌላ በኩል ይቆማል።

ለ) ሙቀት አይችልም። ካውያ ቢነካው ቀልጦ ይጣበቃል፤ እሳት ከያዘው ፈጥኖ ይነዳል።

ሐ) ጀርባው በቀላሉ አይተረተርም። ስለዚህ ጫፉን ማጠፍ አያስፈልግም።

አዲስ ጨርቅ ካልተገኘ ከአሮጌ ጃኬት ኮሌታ፣ ከሕፃን ብርድ ልብስ ወይም ከተጣለ የአልጋ ምንጣፍ ላይ ማውጣት ይቻላል። ለጎፈር የሚመስለው ቡናማ ወይም የአንበሳ መልክ ያለው፣ የጸጉሩ ርዝመት ከ4 እስከ 6 ሳ.ሜ. የሆነ ነው።

ክፍል ሦስት፦ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1. ከፋይ፣ ስፋቱ 150 ሳ.ሜ. የሆነ፦ 2 ሜትር ከ75። ጥቁር፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ቢሆን ይመረጣል።
2. ለገበር የሚሆን ጨርቅ፦ በዚያው ልክ። አገሩ ሞቃት ከሆነ ላብ የሚመጥ ስስ ጥጥ ከሳቲን ይሻላል።
3. ጸጉራም ጨርቅ፦ ግማሽ ሜትር።
4. ወርቃማ ጥብጣብ፦ 7 ሜትር።
5. መርፌ፣ ከከፋዩ ጋር የሚመሳሰል ጠንካራ ክር፣ ስፒል፣ ሜትር፣ መቀስ፣ አዲስ ምላጭ፣ ደረቅ ሳሙና (ለምልክት)፣ ማበጠሪያ።
6. ለአንገቱ አንድ ጠንካራ ኩላብ ወይም ሁለት የጥብጣብ ማሰሪያ።
7. ለሞዴል የሚሆን ወረቀት፤ የዱቄት ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ተቀዶ ቢጣበቅ ይበቃል።

ክፍል አራት፦ ልክ አወሳሰድና ቅድ

ይህ ካባ ሲዘረጋ ግማሽ ክብ ነው። እጅጌ የለውም፤ ስለዚህ የሚወሰዱት ልኮች ሁለት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው የአንገት ዙሪያ ነው። ለምሳሌ 40 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ ከቀሚስ ወይም ከሸሚዝ በላይ ስለሚደረብ 8 ሳ.ሜ. ምቾት ጨምሩበት፤ 48 ይሆናል። ይህን ለ3.14 ስታካፍሉ 15 ሳ.ሜ. ያህል ይመጣል። ይህ የአንገቱ ቅስት ልክ ነው። ሁለተኛው ከአንገት ሥር እስከ ተፈለገው ቦታ ያለው ርዝመት ነው። ከጉልበት በታች እንዲወርድ 110 ሳ.ሜ. እንውሰድ። 15 እና 110 ሲደመሩ 125 ይሆናል። ይህ የታችኛው ቅስት ልክ ነው። ኋላ ለማስተካከል 3 ሳ.ሜ. ጨምራችሁ 128 አድርጉት።

ወረቀቱ ላይ ቅስት ለማውጣት አንድ ክር እርሳስ ላይ እሰሩ። የወረቀቱን አንድ ማዕዘን በሚስማር ያዙና ክሩን 15 ሳ.ሜ. ለክታችሁ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው አዙሩ። ቀጥሎ ክሩን 128 ሳ.ሜ. አድርጋችሁ እንደገና አዙሩ። በሁለቱ ቅስቶች መካከል ያለው የካባው ግማሽ፣ ማለትም የክብ ሩብ ነው። ከሁለቱ ቀጥ ያሉ ጠርዞች አንዱን «ፊት»፣ ሁለተኛውን «ጀርባ» ብላችሁ ጻፉበት። በጀርባው በኩል ብቻ ለስፌት 2 ሳ.ሜ. ጨምሩ። ሌላው ጠርዝ ሁሉ በጸጉር ስለሚታቀፍ ትርፍ አያሻውም።

ክፍል አምስት፦ አቆራረጥ

ከፋይም እንደ ጸጉር አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል ሲዳበስ ያበራል፣ በሌላው ይጠቁራል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ክቡን ባንድ ላይ ከቆረጡት የቀኙ ፊት ነጣ፣ የግራው ጠቆር ብሎ ከሁለት ጨርቅ የተሰፋ ይመስላል። እኛ ካባውን በሁለት ሩብ ቆርጠን ጀርባው ላይ የምንጋጥመው ስለዚህ ነው።

የሞዴሉን «ፊት» በጨርቁ ርዝመት፣ ማለትም በዳርቻው ትይዩ አድርጋችሁ፣ ለስላሳው ገጽ ከአንገት ወደ ታች እንዲተኛ አስቀምጡና በሳሙና ምልክት አድርጉ። ሁለተኛውን ስታወጡ ሞዴሉን ገልብጡት፤ ያለዚያ ሁለት ግራ ይሆንባችኋል። የሁለቱም አንገት ወደ አንድ አቅጣጫ መመልከቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ መቀሱን አንሡ። ገበሩንም በዚሁ ሞዴል ቁረጡ።

ጸጉራሙን ጨርቅ ግን በመቀስ አትቁረጡ። መቀስ ጀርባውን ብቻ ሳይሆን ጸጉሩንም ስለሚቆርጥ ጠርዙ የተላጨ ይመስላል። ጨርቁን በጀርባው ገልብጡ፤ መስመር አስምሩ፤ ጀርባውን ብቻ በምላጭ ጫፍ ቅደዱት። ከዚያ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ለያዩት፤ ጸጉሩ ሳይጎዳ ይለያል። ከዳር እስከ ዳር፣ ወርዳቸው 8 ሳ.ሜ. የሆነ አምስት ቁራጮች አውጡ። ስሌቱም እንዲህ ነው፦ የታችኛው ቅስት 392፣ ሁለቱ ፊቶች 220፣ አንገቱ 48፣ በድምሩ 660 ሳ.ሜ. ነው። አምስት ቁራጮች በ150 ሲባዙ 750 ስለሚሆኑ ለመቀጣጠያ ይተርፋል። ገንዘብ ያጠረው ሰው አንገቱንና ፊቱን ብቻ በጸጉር ቢያደርግ፣ የታችኛውን ቅስት በገበር ጨርቅ ቢያቅፍ፣ ሁለት ቁራጭ ይበቃዋል።

ክፍል ስድስት፦ አሰፋፍ

አንደኛ፣ የከፋዩን ሁለት ሩቦች ጀርባ ለጀርባቸው ገጥማችሁ፣ ለስላሳ ገጻቸው ወደ ውስጥ ሆኖ፣ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት ያዙ። ከፋይ ሲሰፋ አንዱ ከሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ከዚያ በጠንካራ ስፌት ስፉት፤ መርፌዋ ወደ ፊት ከወጣች በኋላ ግማሽ ወደ ኋላ እየተመለሰች የምትሰፋው ስፌት ናት። እያንዳንዷ ስፌት ከ3 ሚሊ ሜትር ባትበልጥ ጥሩ ነው። ገበሩንም እንዲሁ ስፉ።

ሁለተኛ፣ ከፋዩንና ገበሩን አንገታቸው ላይ በስፒል አያይዛችሁ አንድ ሌሊት ስቀሉት። በቅስት የተቆረጠ ጨርቅ ሲሰቀል በአንዳንድ ቦታ ይረዝማል። በማግስቱ ሙሽራዋን ወይም በቁመት የምትመስላትን ሴት አልብሳችሁ፣ ከመሬት እኩል በሜትር እየለካችሁ የተረፈውን ቁረጡ። ይህን የዘለለ ሰው በሠርጉ ቀን ጎንና ጎኑ የተንጠለጠለ ካባ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ከፋዩንና ገበሩን ውስጥ ለውስጥ ገጥማችሁ ዙሪያውን በጊዜያዊ ስፌት ያዙ። አንገቱ እንዳይለጠጥ አንድ ቀጭን ጥብጣብ አብራችሁ ስፉበት። ወርቃማውን ጥብጣብ ከጠርዙ 4 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ በሁለቱም ጫፉ ስፉ። ጥልፍ የምትችሉ ከገበሩ በፊት ከፋዩ ላይ መጥለፍ ትችላላችሁ።

አራተኛ፣ የጸጉሩን ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ቀጥሉ፤ ሁሉም ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛቱን እያያችሁ። ከጠርዙ 3 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ ከፋዩ ላይ መስመር አስምሩ። የጸጉሩን ቁራጭ ፊቱን ወደ ከፋዩ አድርጋችሁ መስመሩ ላይ ከጫፉ 1 ሳ.ሜ. ገብታችሁ ስፉ። ስትሰፉ ጸጉሩን በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ ግፉት እንጂ ስፌት ውስጥ አታስገቡት። ከዚያ ወደ ውጭ ገልብጡት፣ ጠርዙን አሳቅፉት፣ ወደ ገበሩ የዞረውን ጫፍ ዘምዝሙ። በገበሩ በኩል የቀረውን ጸጉር በመቀስ አሳጥሩት፤ ካላጠረ ካባው ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይበዛል። በፊቶቹና በታችኛው ቅስት ላይ ጸጉሩ ወደ ጠርዙ ይተኛ፤ በአንገቱ ላይ ግን ቁራጩን አዙራችሁ ወደ ትከሻ እንዲወርድ አድርጉት። ወደ ላይ ከቆመ የሙሽራዋን አገጭ ይበላል፤ ወደ ትከሻ ከወረደ ግን የጎፈር መልክ ይሰጣል።

አምስተኛ፣ ስፌት ውስጥ የተያዘውን ጸጉር በመርፌ እየመዘዛችሁ አውጡ፣ በማበጠሪያ አበጥሩ። ስፌቱ ይጠፋል። በመጨረሻ ኩላቡን አንገቱ ላይ አጥብቃችሁ ስፉ፤ የካባው ክብደት የሚያርፈው እርሱ ላይ ነውና።

ክፍል ሰባት፦ አያያዝ

ከፋይ በፊቱ አይተኮስም። ፎጣ ላይ ደፍታችሁ በጀርባው በእንፋሎት ብቻ አሳልፉት። የከሰል ካውያ ከሆነ ፍም እንዳይዘንብበት ተጠንቀቁ። ጸጉሩን ከካውያ አርቁ። ካባ የደረበ ሰው ከሻማ፣ ከማንደጃና ከቡና ከሰል ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ሚዜዎች ይህን አደራ ይውሰዱ። በሠርግ ዳስ ውስጥ ሕዝብ ተጨናንቆ ስለሚቆም አደጋው ቀላል አይደለም። ቆሻሻ ሲነካው በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና ቦታውን ብቻ ጥረጉ። ሲደርቅ ጸጉሩን አበጥሩ። ሳትጨመቁና ሳታጥፉ በአሮጌ አንሶላ ሸፍናችሁ ስቀሉት።

ክፍል ስምንት፦ አንድ ካባ ለስንት ሰው?

አንድ ካባ በዓመት ስንት ቀን ይለበሳል? አንድ ባልና ሚስት አንድ ምሽት ይለብሱታል፤ ከዚያ ሻንጣ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ምክራችን ካባውን ቤተሰብ ብቻውን ከሚሰፋው፣ የሰፈሩ ሰዎች ተዋጥተው ለወንድና ለሴት አንድ አንድ ቢሰፉ ነው። ዕድር ወይም ማኅበር ያላችሁ በዚያ በኩል፣ የሌላችሁ በጎረቤት ተሰብሰቡ። አንዱ ከፋይ ይግዛ፣ አንዷ ጥብጣብ ታምጣ፣ ሙያ ያላት ትስፋ፣ ወጣቶች እየተማሩ ይርዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚል ይኖር ይሆናል። ተረቱ እውነት ነው፤ በኪራይ የመጣ ካባ ሌሊቱን ሙሉ «እንዳይቆሽሽብኝ» እያስባለ ያሳቅቃል። ሰፈሩ ተዋጥቶ የሰፋው ግን የሰው አይደለም፤ ያዋጣ ሁሉ ባለቤቱ ነው። ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ማን መቼ እንደሚወስደው፣ ሲመለስ ማን እንደሚያበጥረውና እንደሚጠግነው አስቀድማችሁ በደብተር ጻፉ። ምቾቱ 8 ሳ.ሜ. ስለ ተጨመረ አንዱ ካባ ለብዙ ትከሻ ይሆናል።

ሌላም ጥቅም አለው። ካባ መስፋት የቻለች ሴት የትምህርት ቤት ልጆች ለምረቃ የሚለብሱትን ካባ፣ የክረምት ኮትና የሕፃን መደረቢያ መስፋት አያቅታትም። ነገ ወደ ሦስተኛ አገር የምትሄድም ሆነ ወደ አገሯ የምትመለስ፣ ይህን ሙያ ድንበር ላይ ማንም አይቀማትም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንገቱ ዙሪያ 44 ሳ.ሜ.፣ የሚፈልገው ርዝመት 115 ሳ.ሜ. ለሆነ ሙሽራ የአንገቱና የታችኛው ቅስት ልክ ስንት ነው? 150 ሳ.ሜ. ስፋት ባለው ጨርቅ ላይ ይወጣል ወይ?
2. ጸጉራም ጨርቅ በመቀስ የማይቆረጠው ለምንድን ነው?
3. ካባው ከመታቀፉ በፊት አንድ ሌሊት የሚሰቀለው ለምንድን ነው?
4. በሰፈራችሁ አንድ ካባ በጋራ ለመስፋት ቢታሰብ ማን ምን ማዋጣት ይችላል? ተወያዩበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ፦ 44 እና 8 ሲደመሩ 52፣ ለ3.14 ሲካፈል 16.5 ያህል ነው። የታችኛው ቅስት 131.5፣ ለማስተካከያ 3 ሲጨመር 134.5 ሳ.ሜ. ነው። በስፋት ይወጣል፤ በርዝመት ግን 2 ሜትር ከ80 ጨርቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከክፍል አምስትና ስድስት ታገኙታላችሁ። የአራተኛው መልስ ያለው እናንተው ዘንድ ነው።

ቸር ይግጠመን።